ሮዙ አልጋ ልብስ

እሌኒ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ኖረች ቢባል ውሸት አይደለም። አባቷ ሲሞቱ ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትታ፣ ፍኖተ ሰላም አውራ ጎዳናው ዳር ካለ አንድ አልቤርጎ ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ወልዳም፣ ቀብራም፣ ታማም ተመልሳ የምትገባው ወደዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት መንገደኛ ያደረበትን አንሶላ ትገፍፋለች፤ ትዘፈዝፋለች፤ ታሻለች፤ ታሰጣለች። አንሶላው ሁሉ ነጭ ነው። ነጭ የሆነውም ለውበት ተብሎ ሳይሆን በረኪና እንዲችል ነው። እሌኒ ነጭ ጨርቅ ማየት እንደሰለቻት የአልቤርጎው ዘበኛ ጋሼ ንብረት ሳይቀሩ ያውቃሉ።

«አንች ልጅ፣ መንግሥተ ሰማያት ገብተሽ ነጭ ልብስ ሲሰጡሽ ምን ልትይ ነው?» ይሏታል።

«በረኪናው የት ነው እላለኋ!»

ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ በደስታነሽ ሱቅ በር ላይ ታልፋለች። ደስታነሽ የሕፃናት ልብስ ነጋዴ ናት። መንገድ ተከፍቶ ዕቃ ሲገባላት አዲስ የመጣውን ሁሉ በራፏ ላይ ታንጠለጥለዋለች። አንድ ቀን የሕፃን አልጋ ልብስ ሰቀለች፤ አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ትንሿ ትራስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ቀለሙ ዝናቡ በቃኝ ብሎ ሲያቆም ታጥቦ የሚታየው የመስከረም ሰማይ ነው። ዙሪያውን ቢጫ ጥለት ዞሮታል። እሌኒ ቆመች። ሆዷ ገፍቶ ነበር።

«ልጠቅልልልሽ?» አለቻት ደስታነሽ ሆዷን እያየች።

«ኧረ በስመ አብ በይ!» ብላ እሌኒ መንገዷን ቀጠለች።

ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይገዛም፤ አልጋም አይነጠፍም። ይህን የማያውቅ የለም። እሌኒ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ የምትፈራበት ምክንያት አላት። ከመጀመሪያ ልጇ ከእንቁ በኋላ ሁለት ወንዶች ወልዳለች። ሁለቱም የሉም። አንደኛው ክርስትና ተነስቶ፣ ስም ወጥቶለት፣ መዳህ ሲጀምር በትኩሳት ሄደ። ሁለተኛው ግን ክርስትናው ሳይደርስ ነው የሞተው። ሳይጠመቅ ለሞተ ልጅ ፍትሐት የለም። ባሏ ተስፋው ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበረው። እሷ አራስ ነበረችና የት እንደተቀበረ እንኳ አላየችም። ዛሬም ወሬው ሲነሳ ሰው «ያ ልጅ» ነው የሚለው፤ የሚጠራበት ስም የለውማ።

እናም እሌኒ በዚህኛው እርግዝናዋ ማርያምን የለመነችው አንድ ነገር ነበር። ልጇ በቀኑ ይጠመቅ፤ ስም ይኑረው፤ የሆነውን ሆኖ በሰው ፊት ይቁም። ሰማያዊው አልጋ ልብስ ከዚያ በኋላ የመጣ ምኞት ነው። ምኞት ግን አንዴ ከገባ አይወጣም፤ በዚያ በር ላይ ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየው ነበር።

ወለደች። ወንድ። ከጤና ጣቢያ ስትመለስ አማቷ እሜቴ ንግሥቴ ከማንኩሳ ማዶ ካለው አገራቸው ቅቤያቸውንና የገንፎ እህላቸውን አስጭነው መጥተው፣ ጓዳውን ተረክበው ጠበቋት። ልጁን ተቀብለው ገልጠው አዩት። ፊታቸው በርቶ ወዲያው ጠፋ። መልሰው ሸፈኑትና ወደ ግቢው ሴቶች ወጡ። ወንድ ሲወለድ እልልታው እየተደጋገመ እንደሚቀልጥ፣ ለሴት ደግሞ አጠር ብሎ እንደሚቆም ያገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። እሜቴ ንግሥቴ እልልታውን ለሴት በሚባለው ልክ አስቆሙት። ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ሴት ናት» እያሉ ተበተኑ።

«ምን ማድረግዎ ነው እሜቴ?» አለች እሌኒ ከመደቡ ላይ ሆና።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ልጄ። ሴቷን እንቁን ማን ነካት? ማንም! ወንዶቹን ማን አስቀራቸው? ማንም! የዚህ ከተማ ዓይን ወንድ ይወዳል። እንግዲህ ይቺ ልጅ ሴት ናት፤ ስሟም አደይ ነው። ገልጦ የሚያይ ካልመጣ በቀር።»

«እስከ መቼ?»

«ጥርስ እስክታወጣ።»

«እስክታወጣ?»

«እስክታወጣ ብያለሁ። አንችም ልመጂ።»

እሌኒ ደክሟት ነበርና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዲህ ያለው ነገር በባላገር አዲስ አይደለም። ልጅ የሞተባቸው ሰዎች የተረፈውን ቀሚስ አልብሰው፣ ስሙን አዋርደው ጠርተው አሳድገዋል። እሜቴ ንግሥቴም ክፉ ሴት አይደሉም። ሁለቱንም የልጅ ልጆቻቸውን እያለቀሱ የሸኙ እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ እሌኒ ሌሊቱን በሙሉ አንድ ነገር ስታሰላስል አደረች፤ ለአልጋውስ ምን ሊነጠፍለት ነው?

በማግሥቱ ተስፋው ባጃጁን ደጅ አቁሞ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዞ ገባ። እሌኒ ከፈተችው። ሮዝ። አንሶላው ሮዝ፣ ብርድ ልብሱ ሮዝ፣ አጎበሩ ሮዝ። ትራሱ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋች፣ ወርቃማ ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ፈረንጅ አሻንጉሊት ተስላበታለች።

«ይሄ ምንድን ነው ተስፋው?»

«ሮዝ ነዋ» አለ፣ የቀለሙን ስም የጠየቀችው መስሎት።

«ሰማያዊ ብዬህ አልነበረም? ስንቴ ነው የነገርኩህ? ምጤ መጥቶ ባጃጅህ ላይ ሆኜ እንኳ ነግሬሃለሁ!»

«እማዬ ናት ሮዝ ያለችው። ደስታነሽ ‹ወንድ ነው ሴት?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? ሴት ካልኩ በኋላ ሰማያዊ ልገዛ ነው? ሰው ይጠረጥራል እኮ።»

«ሰው! ሰው! ይሄ የምታሳድጉት ሰው መቼ ነው ጥርስ የሚያወጣው?»

እሜቴ ንግሥቴ ገንፎውን ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምን ሆነሻል? አራስ አትቆጣም፤ ወተቱ ይመራል።»

«እሜቴ፣ እስቲ ይንገሩኝ። የፊተኞቹ ሰማያዊ ላይ ተኝተው ነው የሞቱት? የልጅዎ አሮጌ ጋቢ ላይ ነው የተኙት!»

«ታዲያ! ጋቢ የወንድ አይደለም?» አሉ እሜቴ ንግሥቴ፣ ማንኪያውን እጇ ላይ አስቀምጠው።

ሮዙ ተነጠፈ። ልጁ አሻንጉሊቷ ጉንጭ ላይ ጉንጩን አድርጎ ተኛ፤ እሱ ምን ገዶት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሮዝ ጊዜ ነው። አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣምና አንዷ ሮዝ ኮፍያ፣ አንዷ ሮዝ ካልሲ፣ አንዷ ሮዝ ቀሚስ ከነጥልፉ ይዛ መጣች። ግድግዳው፣ ገመዱ፣ የአልጋው ራስጌ ሮዝ ሆነ። እንቁ ሳትቀር ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ለእህቴ» ብላ በሮዝ እርሳስ አበባ ስላ አመጣች። ለእንቁ እንኳ እውነቱን የነገራት የለም። እሌኒ ሥዕሉን ተቀብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ ምን ታድርግ።

ደስታነሽም ልትጠይቅ መጣች። ዕቃዋን ተነጥፎ ስታይ ደስ አላት፤ አጎበሩን እየነካካች አወደሰችው። «እንኳንም ሴት ሆነችልሽ። ያን የወደድሽውን ሰማያዊ ባለፈው አንድ የቡሬ ሰው ወሰደው፤ ወንድ ብትወልጂ ኖሮ አዝንልሽ ነበር። ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሲመጣ ሲቀር እያየሽ ነው።»

እሌኒ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ እንጂ ሌላው አልታዘዘላትም።

«ደግሞ ሌላም ነገር አለኝ» አለች ደስታነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እንደምታውቂው አልወለድኩም። የክርስትና እናት ልሁናት። እምቢ እንዳትይኝ። ለተስፋው ነግሬው ‹እሺ› ብሎኛል።»

እሌኒ ወደ አማቷ አየች። ለሴት ልጅ የክርስትና እናት፣ ለወንድ የክርስትና አባት መሆኑን እሜቴ ንግሥቴ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። እሳቸው ግን ቤት ሙሉ ጎረቤት ተቀምጦ ስለነበር «እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ለአደይ ከአንች የተሻለ ማን ይገኛል?» አሉ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሌኒ ፈነዳች።

«አሁን ይሄ ምን ይባላል?»

«በቀኑ እንነግራታለን።»

«የትኛው ቀን?»

«በቀኑ! አንች ደግሞ ነገር ሳይበስል አማስለሽ ትጨርሺዋለሽ።»

እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነገሩ ወደ ቤተ ክህነት ደረሰ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ሃይለ ሚካኤል ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ቅኔ የዘረፉ፣ ዓይናቸው ግን የደከመ ሰው ናቸው። ደጅ ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። መስቀላቸውን አውጥተው ሮዙን አጎበር ባረኩ፤ «ልጅቱን ያሳድግልሽ፣ ለአቅመ ሔዋን ያድርስልሽ» አሏት። እሌኒ አፏን ከፈተች። እሜቴ ንግሥቴ ከኋላ ነጠላዋን ሳብ አደረጉት። አፏን ዘጋች።

ያን ማታ ተስፋውን ያዘችው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። «መምሬ ሴት ናት ብለው ሄደዋል። ሂድና ለብቻቸው ንገራቸው። ሌላውን ሁሉ ዋሹ፤ ቄስ ግን አይዋሽም። ይሄ ልጅ ቀኑ ቢያልፈው እኔ አልችልም፣ ተስፋው። ሰማህ? አልችልም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትረሳ።»

«እንዴት እረሳለሁ? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይደለም ተራ የምይዘው?»

ሲመለስ «ነገርካቸው?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ «ነገ» ይላል። መምሬን ሲያያቸው ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ወይ ባጃጁ ላይ ተሳፋሪ አለ፣ ወይ መምሬን የሚያስባርክ አለ፣ ወይ ዲያቆን አብሯቸው አለ። ምስጢር በሰው ፊት አይነገርም። በመጨረሻ ጭቅጭቁ ሲሰለቸው «ነግሬያቸዋለሁ፣ ተይኝ» አላት። እሌኒም አመነችው። እንግዲህ ማመን ደግሞ ካልቻለች ምን ቀራት? ደስታነሽን ግን ማን እንደሚነግራት አልተወሰነም። እሜቴ ንግሥቴ ለተስፋው ተዉለት፤ ተስፋው ለእሜቴ ተወላቸው።

አርባኛው ቀን ደረሰ። «ሴት በአርባ ቀኗ?» ያለውን ሁሉ እሜቴ ንግሥቴ «ቀኑን መምሬ ያውቁታል» ብለው አለፉት። ጠላው ተጣርቷል፤ ከማንኩሳ በኩል ዘመድ መጥቶ ቤቱ ሞልቷል። ጎህ ሳይቀድ ልጁን በሮዙ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ብርድ ልብሱን ለመቀየር እሌኒ ነጠላዋን አውጥታ ነበር፤ እሜቴ «መንገድ ላይ ዓይን ብዙ ነው» ብለው ቀሟት። በደጀ ሰላሙ በኩል ልጆቻቸውን የታቀፉ ሌሎች እናቶችም ቆመዋል። ደስታነሽ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ለልጅቷ አንገት የገዛችውን መስቀል በእጇ ይዛ ቀድማቸው ደርሳለች።

መምሬ ሃይለ ሚካኤል ከወደ ክርስትና ቤቱ መጡና ተራ በተራ አዩአቸው። እሌኒ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺስ? ገና አይደለሽም እንዴ?»

እሌኒ ወደ ተስፋው ዞረች። ተስፋው መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባት።

«የሴት ክርስትና በሰማንያ ነው» አሉ መምሬ በለሆሳስ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «አንቺም ራስሽ እስከዚያ ድረስ አትገቢም። ምነው ቸኮላችሁ? ሂዱ፤ ቀኑ ሲደርስ ትመጣላችሁ።»

እሜቴ ንግሥቴ ወደ ፊት ወጡ። ከኋላቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ከጎናቸው ደስታነሽ ናት። በግልጽ አይናገሩ ነገር፣ የደበቁት ይወጣል። ዝም አይሉ ነገር፣ ልጁ ሊመለስ ነው። በባላገር ወጋቸው ነገሩን ሸፈን አድርገው ወረወሩ፤ «አባቴ፣ እሸት እኮ በገለባው ውስጥ ነው።»

መምሬ ትንሽ አሰቡ። «እውነትዎን ነው እሜቴ። መኸሩ ዘንድሮ ደህና ይመስላል፤ እሱ ይጨርሰው።»

«አይ፣ አባቴ... ገለባው እንዲህ ቢመስልም ማለቴ ነው።»

«ጭዱንም ከብቱ አይጠላውም» አሉ መምሬ፣ ወደሚቀጥለዋ እናት እያለፉ።

እሌኒ ልጁን አጥብቃ ታቀፈች። እንግዲህ ሊመልሷት ነው። በዚህ ቀንና በዚያ ቀን መካከል ያለውን ጊዜ አሰበችው። ትኩሳት የሚገባበት ጊዜ ነው። ልጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ተስፋው አሁንም መሬት ያያል። እሜቴ ሌላ የተሸፈነ ነገር እያሰቡ ነው። ለስንት ቀን በነጠላዋ ሲጎትቷት፣ ማንኪያ ሲያስጨብጧት፣ «ነገ» ሲሏት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገነፈለ።

«ወንድ ነው!» አለች።

ድምፅዋ እሷንም አስደነገጣት። የደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን አልሽ?» አሉ መምሬ።

«ወንድ ነው አባቴ። ከተወለደ ጀምሮ ወንድ ነው።» ብርድ ልብሱን ፈታች። እሜቴ እጇን ሊይዙ ሲሉ ገፋቻቸው፤ በሕይወቷ አማቷን የገፋችው ያን ቀን ነው። ሮዙን ቀሚስ ገለበችው። ብርዱ ሲነካው ልጁ ጮኸ፤ እግሩን አወራጨ። ዓይኑ የደከመ ሰውም ቢሆን የሚያየው ነገር ነበር።

መጀመሪያ የሳቀችው የሌላ ልጅ እናት ናት፤ ከዚያ ከወንዶች በኩል አንዱ «አደይ አበባ ፍሬ አፈራች!» አለ፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ደስታነሽ ብቻ አልሳቀችም።

«ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ሴት ናት ያለኝ ማን ነበር?» አለች ወደ ተስፋው። «እኔ ቀሚስ አሰፍቼ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ...»

«ለዓይን ብለን ነው እህቴ...» ጀመሩ እሜቴ።

«የእኔ ዓይን ነው የሚበላው?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም...»

«እንዲያ ካልሆነ እንዴት ነው? ወልዳ የማታውቅ ሴት ዓይን ነው አይደል?»

እሜቴ ንግሥቴ ፊታቸውን ወደ ክርስትና ቤቱ አዞሩ። እሌኒ «ደስታነሽ፣ በማርያም...» ብላ ጀመረች። ደስታነሽ መስቀሉን በመሐረቧ ጠቅልላ ወደ ሴቶቹ በኩል ሄዳ ቆመች።

መምሬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «በቃ። እሜቴ ንግሥቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅ የሚጠመቀው እንዴት ሆኖ ነው?»

«እንዴት ማለት አባቴ?»

«ለብሶ ነው ወይስ ራቁቱን?»

እሜቴ ንግሥቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያን ሁሉ ቀን ያን ሁሉ ሮዝ ሲያነጥፉና ሲሰቅሉ፣ ይህን ያሰበ አንድም ሰው በቤቱ አልነበረም። ሰሙን ዘግተው ወርቁን በአደባባይ ሊያጠምቁት ነበር የመጡት።

«የዋሻችሁበትን ንስሐ በኋላ እነግራችኋለሁ» አሉ መምሬ። «ተስፋው፣ የአንተው ከሁሉ ይበልጣል፤ ለእኔ አልነገርከኝምና። አሁን የክርስትና አባቱ የታለ?»

የክርስትና አባት የለም። ዘመዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የማንኩሳው አጎት ከቤት ሲወጡ ጠላ ቀምሰዋል፤ ሌላው ገና ልጅ ነው። መምሬ ጠበሉ ወዳለበት ዞር ብለው አዩ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። እሌኒ ልጁን መልሳ አልሸፈነችውም። እንደታቀፈችው ዞረችና ግቢውን አየች። ጋሼ ንብረት ከወንዶች በር አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከዘበኝነት አዳራቸው በቀጥታ ኪዳን ለማድረስ ይመጣሉ፤ እህል አልቀመሱም።

«ጋሼ ንብረት!» ብላ ተጣራች። «ይምጡ እባክዎ። ልጄን ያንሱልኝ።»

«እኔ?» አሉ ዘበኛው፤ በዘበኝነት ካፖርታቸው ላይ የደረቡትን ነጠላ እያስተካከሉ። «እኔ ምን አለኝ ብለሽ?»

«ምንም አይኑርዎት። ወንድ ነዎት፤ ጾመዋል።»

እናም ልጁ ተጠመቀ። ውሃው ሲነካው እንደ ማንኛውም ልጅ ጮኸ። ወልደ ገብርኤል ተባለ። የዓለም ስሙንም መምሬ ጠየቋትና እሌኒ ማንንም ሳታይ «ዘሩ» አለች። ጋሼ ንብረት ተቀብለው በነጠላቸው ጠቅልለው አወጡት። እሌኒ ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። የመጣው ልብስ ስታጥብ ውላ ወገቧን ቀና ስታደርግ የሚሰማት ዓይነት ነገር ነው።

ቤት ሲመለሱ ድግሱ ተበላ፤ ጠላው ተጠጣ። እንቁ «እህቴስ?» ብላ ጠይቃ ሲነገራት አኮረፈች፤ «ቀድሞ ብትነግሩኝ አበባውን በሌላ ቀለም እስል ነበር» አለች። ሰው ሁሉ ልጁን እየገለጠ አየ፤ «ወይ ጉድ!» እያለ ሳቀ። እሜቴ ንግሥቴ ጥጉን ይዘው፣ ሰው በገለጠው ቁጥር «ትፍ ትፍ» ሲሉ ዋሉ። ደስታነሽ አልመጣችም። እሌኒ ድርሻዋን በሳህን ሸፍና ከተስፋው ጋር ላከችላት፤ ሳህኑ እንደተሸፈነ ተመለሰ።

ሰው ሲያልቅ እሌኒ ወደ ልጁ አልጋ ሄደችና አንሶላውን ገፈፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አማቷ።

«ይሄን አነሣለሁ። ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም። ከተማው ሁሉ አይቶታል።»

«እኮ! ከተማው ሁሉ ስላየው ነዋ! እስከ ዛሬ ቢቀር ይቀር ነበር፤ አሁን ነው የሚያስፈልገው። መልሺው።»

«አልመልስም።»

«መልሺው ብያለሁ እሌኒ። ሁለት ቀብሬያለሁ።»

«እኔስ? እኔ ስንት ቀብሬያለሁ?»

እሜቴ ንግሥቴ ቁጭ አሉ። አሮጊቷ ማልቀስ ሲጀምሩ እሌኒም ቁጣዋን የምታሳርፍበት አጣች። ለማን ትቆጣ? ተስፋው «አትጨቃጨቁ፣ ነገ ሌላ እገዛለሁ» አለ። «ነገ» የምትለውን ቃል ከእሱ አፍ ስትሰማ ያማት ጀምሯል። ደግሞስ ከማን ሊገዛ? በከተማው የሕፃን አልጋ ልብስ የምትሸጠው አንዲቷ ሴት ኩርፊያ ላይ ናት።

እሌኒ ሮዙን ሁሉ በአንድ ፌስታል ጨመረችው፤ አሻንጉሊቷንም፣ አጎበሩንም። የልጁ አልጋ ባዶ ቀረ። ልጁን አነሣችና ራሷ በምትተኛበት መደብ ላይ፣ ለራሷ በምታነጥፈው አንሶላ ላይ አስተኛችው። ከአልቤርጎው የመጣ አይደለም፤ ስታገባ ከእናቷ የተሰጣት ነው። ድሮ ቀለም ነበረው።

እሜቴ ንግሥቴ ዓይናቸውን ጠርገው ተጠጉ። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ ብርሃኑ ጎተት አድርገው አዩት።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«እንጃ እሜቴ። ሲታጠብ ሲታጠብ ጠፍቷል።»

«አረንጓዴ ነበረ?»

«እንጃ።»

አሮጊቷ ረዘም ላለ ጊዜ ጨርቁን ተመለከቱት። ከዚያ ፊታቸው እየፈታ መጣ። «ደግ ነው። ምንም የማይመስል ነገር ላይ የተኛን ልጅ ማን ያየዋል? ይቺን ቀድመሽ ብታመጫት ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ!»

እሌኒ ልትመልስ ነበር። ልጁ ግን ጡት ፈልጎ አፉን ወዲያ ወዲህ ያደርግ ነበር፤ ከጎኑ ጋደም አለችና አጠባችው።

በማግሥቱ ጎረቤቶች ሲመጡ ወሬውን የሚያወሩት እሜቴ ንግሥቴ ነበሩ። ሮዙን ገና ከጅምሩ እንዳልወደዱት፣ ለዓይን መድኃኒቱ ቀለሙ የጠፋ አንሶላ እንደሆነ እናታቸው ነግረዋቸው እንደነበር፣ አሁን የከተማ ልጆች ይህን እንደማያውቁ ለሁሉም አስረዱ። ሴቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። አንዷ እርጉዝ ናት፤ ተጠግታ የአንሶላውን ጫፍ ዳሰሰችና እሌኒን «እንዲህ እንዲሆን ስንት ጊዜ ማጠብ አለብኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ዝም ብለሽ እጠቢው» አለች እሌኒ።